ሁለት ጣት ከፍ፣ ሁለት ጣት ዝቅ

«ይኼን ሰማያዊ ነገር አጥፉልኝ» አሉ እትዬ ደጊቱ፣ ከፍራሹ ላይ ሆነው ዓይናቸውን በእጃቸው እየከለሉ። «የለቅሶ ቤት መሆኑ ቀርቶ የጭፈራ ቤት መሰለ። የሚመጣው ሰው ምን ይለናል?»

ሳሎኑ ወለል ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እዚያ፣ በብረት እግር ላይ የቆመ የመስታወት ገንዳ አለ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ከበላዩ፣ ከጣሪያው በወረደ ሰንሰለት ጠፍጣፋ መብራት ተንጠልጥሎበታል፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ሰማያዊ ያበራል። በጨው ውሃው ውስጥ ዓሣ የለም። ድንጋይ የሚመስሉ የባሕር ሕያዋን፣ ሁለት ኮራሎች ብቻ ናቸው ያሉት፤ አንዱ ጣቶቹን እንደ ዘረጋ እጅ ቡናማ ሆኖ የቆመ፣ ሌላው ድንጋይ ላይ እንደ ሳንቲም የተበተነ አረንጓዴ። የቤቱ ሰው ገንዳውን «ባሕሩ» ይለዋል። ለጎረቤቱ ግን «የሀብታሙ ድንጋይ» ነው።

ሀብታሙ የተቀበረው ትናንት ነበር።

«አክስቴ፣ ውስጡ ያሉት እኮ ነፍስ አላቸው» አለች ሰላማዊት። የሟቹ ብቸኛ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። «መብራት ካጡ ይሞታሉ።»

«ነፍስ የነበረው ወንድሜ ሞቷል» አሉ እትዬ ደጊቱ።

 ከዚያ ሁሉም አስካለን አዩ። የሞተው ባሏ ነው፤ ቤቱም ቤቷ ነው። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ጥላቸው ተቀምጣለች።

«አጥፊው» አለች ልጇን።

ይኼን ያለችው የባሏን እህት አክብራ አይደለም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰማያዊ መብራት ያስነውራል ብላም አይደለም። ደክሟት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የወደቀ ሰው ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ ኖራለች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ይኼን ባሕር ስትጠብቅ። ይሙት ከተባለም ይሙት። ከእሷ የሚፈልግ አንድ ነገር ይቀንሳል።

ሰላማዊት ሶኬቱን ነቀለች። ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር ግን ማንም ሳያያት እንዳለ ተወችው። እትዬ ደጊቱ ከማጀት ጥቁር ጨርቅ አስመጥተው ገንዳውን እስከ ታች ሸፈኑት። የሳሎኑ ቀለም ወደ ተራ የወልድያ ከሰዓት ተመለሰ።

በሠልስቱ ቤቱ ሞላ። የዕድሩ ድንኳን ጠቦ ወንዶች ጎንደር በር እስከሚባለው ሰፈር ድረስ መንገድ ዳር በአግዳሚ ተቀመጡ። ሹፌሩ ብዙ ነው፤ ከሀብታሙ ጋር የነዳ፣ ሀብታሙ መንገድ ላይ ጎማ የቀየረለት፣ በረሃ ላይ ውሃ የሰጠው። ወደ ሳሎን እየገቡ አስካለን ያጽናኗታል፤ ከዚያ ስለ ሰውየው ያወራሉ። ያ ሳቂታ፣ ያ ጨዋታ አዋቂ፣ ጭፍራ ከተማ ላይ አንድ ሙሉ ምግብ ቤት በሳቅ ያፈረሰ ሀብታሙ። አስካለ አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማለች። ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስላታል።

እሷ የምታውቀው ሀብታሙ በወር ሦስት ቀን ቤት የሚያድር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ቆሞ ይበላል፣ ይተኛል፣ ዘይት ይለካል፣ ይሄዳል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ክፉ አልነበረም። አንድም ቀን እጁን አላነሳባትም፤ ቤቱን አላስራበም። ግን አጠገቡ ተቀመጪ ብሎ የጠራት ጊዜ ትዝ አይላትም። ሳቁን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚመጣው።

ባሕሩ የመጣው የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ግድም ነው። ጅቡቲ የሚያውቀው አንድ ዓሣ አጥማጅ ጡጫ የምታህል ኮራል በባልዲ ሰጠው። ሀብታሙ ያንን ባልዲ ከጋቢናው ወለል ላይ አድርጎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በረሃውን ሁሉ አቋርጦ ወልድያ አስገባው። መስታወቱን ደሴ አስቆረጠ። መብራት ሲገዛ ከሱቁ ኃይለኛውን መረጠ፤ የባሕር ፀሐይ የለመደ ነው ብሎ። ከዚያ መብራቱን ውሃው ላይ አስጠግቶ አበራው። በዘጠነኛው ቀን ኮራሉ እንደ አጥንት ነጣ።

አስካለ ያን ቀን ታስታውሳለች። ወንበር ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር።

«አቃጠልኩት» አላት።

«መብራት እንዴት ያቃጥላል ውሃ ውስጥ?»

«እንጃ። አቃጠልኩት ብቻ።»

በሚቀጥለው ጉዞ ዓሣ አጥማጁን ጠይቆ ተመለሰ። ኮራሉ ከባሕሩ ጥልቅ ቦታ የወጣ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ፀሐይ በውሃ ተጣርቶ የደከመ ነው። ስለዚህ መብራቱን መጀመሪያ አርቆ መስቀል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ማውረድ። ቀለሙ ከገረጣ በዝቶበታል፤ ከጠቆረና አንገቱን ወደ ላይ ከሳበ አንሶታል። ሀብታሙ ሁለተኛውን ኮራል በዚህ መንገድ አሳደገው። ቤት ባለባቸው ሦስት ቀናት ከፊቱ ተቀምጦ ቀለሙን ያጠናል። ያ ቆሞ የሚበላ ሰው ለዚህ ሲሆን ሰዓት ነበረው።

«ለእኔም እንዲህ ብትጠነቀቅ» አለችው አንድ ጊዜ፣ ቀልድ አስመስላ።

ሳቀና ወደ ኮራሉ ዞረ።

በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ሲዘጋ እሱ ከዚያ ወዲያ ቀረ፣ እሷ ከዚህ ወዲህ። አምስት ወር ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ኮራሎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ሞቱ። እሷ ገንዳውን አጥባ አድርቃ የተረፈውን ዱቄት አይጥ እንዳይበላው እሱ ውስጥ አስቀመጠችው። መንገዱ ተከፍቶ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ እሷንና ሰላማዊትን ብዙ አያቸው፤ ከዚያ ዱቄቱን አየና «ጥሩ አደረግሽ» አለ። ስለ አምስቱ ወር ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ባልዲ ይዞ መጣ።

በሠልስቱ ማታ ሁለት ለቅሶተኛ ሴቶች በሩ ሥር ተጠጋግተው ሲያወሩ አስካለ ሰማቻቸው። አልተኛችም፤ ዓይኗን ብቻ ጨፍናለች።

«ከሞተው ይልቅ የሞተችው እሷ ናት። እያት እስቲ ፊቷን።»

«ሁለት ዓመት እኮ እንደ ሕፃን ነው የያዘችው።»

«እሱ ግን እስከ መጨረሻው ዓይኑን ከዚያ ድንጋይ አልነቀለም አሉ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ።»

«ወንድ አይደል።»

አስካለ ዓይኗን አልገለጠችም። ያሉት እውነት ነው።

ስትሮክ የመታው መርሳ መናኸሪያ አካባቢ መኪናውን አቁሞ ሊወርድ ሲል ነው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ምላሱም። ሐኪሙ ቃላቱ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ ብሎ ነበር። የተመለሱት ጥቂት ናቸው፤ የትኛው እንደሚመለስ ደግሞ መራጭ የለውም። «ውሃ» ተመለሰ። «እሺ» ተመለሰ። «አስካለ» አልተመለሰም። ስሟን ሊጠራ አፉን ያጣምምና ላብ ያጠምቀዋል፤ ከዚያ ይተወዋል። አንድ ቀን ግን ግራ እጁን አንስቶ፣ ሁለት ጣቶቹን ገጥሞ ወደ መብራቱ አሳያትና «ሁለት ጣት» አለ። ጥርት አድርጎ።

ገባት። መብራቱን በሁለት ጣት ከፍ አድርጊው ማለቱ ነው። አልጋው ገንዳው ሥር ስለተዘረጋ ሰንሰለቱ ጋ ለመድረስ በላዩ ላይ ማጎንበስ አለባት። አጎንብሳ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ደግፋ፣ በሌላው ሰንሰለቱን ከመንጠቆው ፈትታ መልሳ ትሰቅለዋለች። አንገቷ ላይ ያለው መስቀል በማተቡ ተንጠልጥሎ ፊቱ ላይ ይወዛወዛል፤ እሱ በዓይኑ ይከተለዋል። ማታ ሲሆን ደግሞ ጣቶቹን ወደ ታች ያሳያል። «ሁለት ጣት።» ታወርደዋለች። ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ። አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። እጇን ሊጥ ነክቶት እያለ፣ ልብስ እያጠበች፣ ለአፍታ ጋደም ባለችበት። «ሁለት ጣት።»

«ረዳትህ አደረግኸኝ» አለችው አንድ ቀን ተናድዳ። «ሌላ ቃል የለህም?»

በሚታዘዝለት በግማሽ አፉ ሳቀ።

ነገሩ ልቧን ያቆሰለው ለዚህ ነው። ከዚህ ዓለም ቃል ሁሉ ሦስት ቀርቶለት፣ አንዱን ለመብራት ሰጠው።

የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ረፋድ ላይ። እሷ እሳት ላይ አጥሚት ጥዳለች። ከሳሎን ጠራ። «ሁለት ጣት።» ከአንድ ሰዓት በፊት አስተካክላለታለች። «ቆይ፣ መጣሁ» አለችና ማማሰሏን ቀጠለች፤ ካማሰለችው በኋላም ትንሽ ቆየች፤ እዚያው ምድጃው አጠገብ፣ ዝም ብላ፣ ጀርባዋን አሳርፋ። አጥሚቱን ይዛ ስትገባ ጣቶቹ አንሶላው ላይ ወድቀዋል። ይኼን ለማንም አልተናገረችም።

በአምስተኛው ቀን ድንኳኑ ፈርሷል። ቋሚዎቹ በአጥሩ ላይ ተደግፈው የዕድሩን መኪና ይጠብቃሉ። ጥቂት ወንዶች ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ውጭ ከባድ መኪና ቆመ፤ አየር ሲተነፍስ ተሰማ። ከዚያ ጀብሪል በሁለት እጁ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዞ በሩን በትከሻው እየገፋ ገባ።

የመርሳ ልጅ ነው። ስድስት ዓመት የሀብታሙ ረዳት ሆኖ ሠርቶ፣ ከእሱ መንዳት ተምሮ፣ አሁን የራሱን መሪ የያዘ የአርባ አምስት ዓመት ሰው። ሀብታሙ ከወደቀ ወዲህ ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ሁለት ጀሪካን የባሕር ውሃ ሳያደርስ ወደ ቤቱ አያልፍም። በዚህኛው ጉዞ ወደብ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተራ ጠብቋል። ስልኩ እዚያ አይሠራም፤ መንገድ ላይም ቻርጅ አልቆበት መጣ።

ወንዶቹን አየ። ቋሚዎቹን አየ። በሳሎኑ በር በኩል ጥቁር የለበሱትን ሴቶች አየ። የሚነግረው ሰው አላስፈለገም። ጀሪካኖቹን አንዱን ከአንዱ በኋላ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እንዳይጋጩ ተጠንቅቆ።

«መቼ?» አለ።

«ማክሰኞ» አሉት።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።» ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አለ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ትከሻውን እስኪይዙት ድረስ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆየ።

ወደ ሳሎን ሲገባ በአስካለ ፊት ተንበረከከ። «አብሽሩ እትዬ። አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ። አላፊው መንገደኛ ሁሉ ቀብሮት እኔ ልቅር?»

«ምን ታደርግ ጀብሪል። አልሰማህ።»

ውሃ ሰጡት። ሲጠጣ ዓይኑ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ቆመ። «ባሕሩስ?»

ሰላማዊት ተነሥታ ጨርቁን ገለጠችው። ቡናማው ኮራል ጣቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ተኮማትሯል። አረንጓዴዎቹ ሳንቲሞች ተዘግተው ድንጋዩ ላይ እንደ ሻጋታ ሆነዋል። ሰላማዊት ይኼን ስታይ ተጣድፋ ሶኬቱን ልትሰካ ጎንበስ አለች።

«ቆይ ቆይ፤ እንዲህ አይደለም» አለ ጀብሪል። «ስንት ቀኑ ነው ከጨለመበት?»

«አራት።»

«እንግዲያው አሁን በቀድሞው ልክ ካበራሽበት ትጨርሺዋለሽ። ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ብርሃን እየበሉ እሱን የሚያበሉት እነሱ ናቸው። ከጨለማ ወጥቶ ድንገት ሲበዛበት ያባርራቸዋል፤ ከዚያ ይነጣና በረኃብ ይሞታል። መጀመሪያ መብራቱን አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግ ነው። በሦስት ቀን፣ በአራት ቀን ትንሽ እያወረዱ ቦታው መመለስ።»

ይኼን መረዳት አስካለን አልከበዳትም። ሀብታሙ ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን መረቅ በማንኪያ፣ ከዚያ በሲኒ እያለች ነው ወደ እንጀራ የመለሰችው።

«እሺ፤ ቦታው ከተመለሰ በኋላ የጠዋትና የማታው እንደ ድሮው ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«የምን የጠዋትና የማታ?»

«ጠዋት ሁለት ጣት ከፍ፣ ማታ ሁለት ጣት ዝቅ።»

ጀብሪል አያት። «እንዲህ ያለ ነገር የለውም እትዬ። አንዴ ልኩ ከተገኘ አይነካም። ጋሼ ሀብቴ ስምንት ወር ሳይነካው የቆየበት ጊዜ አለ። እኔ አንድ ቀን ሰንሰለቱን ብነካ እጄን በጥፊ ነው ያለኝ። ‹ተወው፤ ለምዶታል› አለኝ።»

«በየቀኑ ከፍ ዝቅ ቢደረግስ? ምን ይሆናል?»

«ሁለት ጣት? ምንም አይሆንም።»

«ይጠቅመዋል ወይ ነው የምልህ።»

«ኧረ ምንም አይጠቅመውም። ጋሼ ሀብቴ ደግሞ ይኼን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?»

አስካለ ዓይኗን ሰንሰለቱ ላይ ተከለች። ጀብሪልም ነገሩ ስላልገባው ጥያቄውን ትቶ የጀሪካኖቹን ውሃ ስለ መቀየር ለሰላማዊት ያስረዳት ጀመር። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሳምንት በኋላ። ልጆቹ መርሳ ይጠብቁታል፤ ለሰባቱ ተመልሶ እንደሚመጣ ተናግሮ፣ አንድ በአንድ ተሰናብቶ ወጣ። መኪናው ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ሲሪንቃ መንገድ ሲወርድ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

አስካለ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። በአምስት ቀን ውስጥ ያለ ሰው እርዳታ ስትነሣ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው። ሰላማዊት ልትይዛት ብትል በእጇ መለሰቻት።

አልጋው ለለቅሶተኛ ቦታ እንዲሆን ተፈትቶ ጓዳ ገብቷል። ወለሉ ባዶ ነው፤ እስከ ገንዳው ድረስ ቀጥ ብላ ልትሄድ ትችላለች። እሷ ግን የአልጋው ጠርዝ የነበረበት ጋ ስትደርስ ቆመች። እዚያው ሆና፣ ፊቱ በነበረበት ቦታ ላይ አጎነበሰች፤ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ደግፋ፣ በሌላው ሰንሰለቱን ፈታች። አንድ ስንዝር ለካች። ሰቀለችው። 

ሰላማዊት ሶኬቱን ሰካች። ብርሃኑ ከሩቅ፣ ደከም ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ። እትዬ ደጊቱ አልተቃወሙም። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያዳምጡ ነበር።

አስካለ ወደ ፍራሿ አልተመለሰችም። ገንዳው ሥር ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ሌሎቹ ሴቶች አንድ አንድ እያሉ ወደ ግቢው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ደጊቱ በጉልበታቸው እየተንፏቀቁ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው፤ ሀብታሙን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ያ ልጅ ያለውን ሰምቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ስመጣ እንኳ ያቺን ሁለት ጣቱን ሲያነሣ ዐይቻለሁ። አንቺን ወደ እሱ መጥራቱ መሆኑን ሳላውቅ፣ ድንጋዩን አስቦ ነው ብዬ ታዘብኩት፤ እኔ እህቱ መጥቼ።»

«እኔም» አለች አስካለ።

«በመጨረሻው ሰዓት ተናገረ ወይ? እንዲያው ያለው ነገር አለ?»

አስካለ ውሃውን አየች። ኮራሎቹ ገና እንደ ተኮማተሩ ናቸው። ይዳኑ አይዳኑ አይታወቅም፤ ጀብሪልም እርግጠኛውን አልነገራትም።

«ጠራኝ» አለች። «መጣሁ ብዬው እዚያው ቀረሁ። ደክሞኝ ነበር እትዬ። ማማሰያውን ካስቀመጥኩ በኋላ ጭምር እዚያው ቆምኩ።»

 በሩ ላይ የእግር ድምፅ መጣ፤ ሰላማዊት ከውርጌሳ የመጡ ለቅሶተኞች ግቢ ውስጥ መቀመጣቸውን ተናገረች። አስካለ ለመነሣት እጇን መሬት ላይ ተጫነች።

«ተቀመጪ» አሉ እትዬ ደጊቱ። ወደ ሰላማዊት ዞሩ። «እናትሽ ጋደም ብላለች በያቸው። ቆይተው ይገቡ።»

ከዚያ እግራቸውን ዘረጉ፤ የለበሱትን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው እንደ ትራስ አራት ቦታ አጠፉት፤ ጭናቸው ላይ አደረጉና በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።